ለቤተሰባችን የመንግሥት የምግብ ድጋፍ ይገባው ይሆን?



በዛሬው ዝግጅታችን በአሜሪካ የምንኖር ብዙ ቤተሰቦች በልባችን ይዘነው የምንዞረውን፣ ሰው ፊት ግን ለማንሳት የምናፍረውን አንድ ጉዳይ እንመለከታለን። እሱም «ለቤተሰቤ የመንግሥት የምግብ ድጋፍ ይገባው ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ በየቤቱ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከወሬ የተለቀመ ነው። አንዱ «አባወራው ስለሚሠራ አይገባንም» ብሎ ይተወዋል። ሌላው «በዲቪ ከመጣን አምስት ዓመት ስላልሞላን ልጆቻችንም አይገባቸውም» ብሎ በሩን በራሱ ላይ ይዘጋል። ሦስተኛው ደግሞ «እነ እገሌ ይህን ያህል ያገኛሉ፤ እኛም ያንኑ ማግኘት አለብን» ብሎ ይሄድና ያሰበውን ሲያጣ ተበደልኩ ይላል። ሦስቱም አላሰሉም። የሦስቱም መልስ የሚገኘው በስሌት ነው፤ ስሌቱም አራቱን የሒሳብ ስሌቶች ለሚያውቅ ሰው ከባድ አይደለም።

ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ያለፈውን ወር የደመወዝ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውሉንና የመብራትና የጋዝ ክፍያውን ከጎናችሁ አድርጉ። በሬዲዮ ያዳመጣችሁንም ቁጥሮቹ እንዳያመልጧችሁ እነሆ በጽሑፍ አቅርበንላችኋል።

ፉድ ስታምፕ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ «ፉድ ስታምፕ» የምንለው ድጋፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጀመረው እ.ኤ.አ በ1939 በኒውዮርክ ግዛት በሮቼስተር ከተማ ነው። ያኔ በእርግጥም ቴምብር ነበር። በ1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙት ሕግ ቋሚ አደረገው። በ2008 ደግሞ ስሙ «ስናፕ» ተብሎ ተለወጠ። ዛሬ ቴምብርም ኩፖንም የለም፤ በየወሩ ገንዘቡ የሚገባው ኢቢቲ በሚባል እንደ ባንክ ካርድ ባለ ካርድ ላይ ነው። በካርዱ ጤፍም፣ በርበሬም፣ እንጀራም፣ ከሐላል ሥጋ ቤት የተገዛ ጥሬ ሥጋም መግዛት ይቻላል፤ ሱቁ ካርዱን ለመቀበል የተፈቀደለት ይሁን እንጂ። ሳሙናና ዳይፐር፣ እንዲሁም ተሠርቶ በትኩሱ የሚሸጥ ምግብ ግን በዚህ ካርድ አይገዛም።

ገንዘቡ የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ማመልከቻውን ተቀብሎ የሚወስነው ግን የየግዛቱ ወይም የየካውንቲው የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ነው። ቁጥሮቹ በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ቀን ይለወጣሉ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 ላለው ጊዜ የወጡ፣ ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር በሁሉም ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ የሚሠሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ የምታነቡት ከሆነ የስሌቱን መንገድ ያዙና አዲሶቹን ቁጥሮች ከቢሮው ጠይቁ።

አንደኛ፦ ከአንድ ድስት የሚበላው ማን ነው?

የስሌቱ መነሻ የሰው ብዛት ነው። ሕጉ «ቤተሰብ» የሚለው በአንድ ጣሪያ ሥር ያደረውን ሁሉ አይደለም፤ ምግቡን አብሮ የሚገዛውንና አብሮ የሚያበስለውን ነው። በአማርኛ ብንለው ከአንድ ድስት የሚበላውን ማለት ነው። አንድ ቤት ተከራይተው በየክፍላቸው የሚኖሩ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አስቤዛ የሚገዙ ሦስት ወንደላጤዎች ሦስት ቤተሰብ ሆነው ሊያመለክቱ ይችላሉ። በታችኛው ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወንድማችሁም የራሱን እያበሰለ የሚበላ ከሆነ የእናንተ ቤተሰብ አካል ሆኖ አይቆጠርም፤ ደመወዙም አይደመርባችሁም።

ነገር ግን «ለየብቻ ነው የምንበላው» ቢሉ እንኳ የማይነጣጠሉ አሉ። አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት አንድ ናቸው። ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ዕድሜው ከ22 ዓመት በታች የሆነ ልጅም፣ ቢሠራም ቢያገባም፣ ከወላጆቹ ጋር ይቆጠራል። ስለዚህ የ20 ዓመት ልጃችሁ የሚያገኘው ደመወዝ በቤተሰቡ ገቢ ውስጥ ይገባል። ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ትምህርት ቤት እየተማረ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሠራ ልጅ ደመወዝ ግን አይቆጠርም።

ሁለተኛ፦ የመኖሪያ ፈቃዱ ምን ዓይነት ነው?

ሰዎቹ ከተቆጠሩ በኋላ ከእነርሱ መካከል ማን ሊያገኝ እንደሚችል መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው፣ በአሜሪካ የተወለደ ሕፃንም ቢሆን፣ በዚህ በኩል ጥያቄ የለበትም። ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ ሰው በአጠቃላይ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። በዲቪ የመጡ ወንድሞችና እህቶች የሚገቡት እዚህ ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ አምስት ዓመት የመጠበቁ ግዴታ ግሪን ካርድ ያላቸውን ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን አይመለከትም። ከወላጆቻቸው ጋር በዲቪ ትናንት የገቡ ልጆች ዛሬ ሊመለከትላቸው ይችላል። ወላጅ ለራሱ ሳይሆን ለልጆቹ ብቻ ማመልከት ይፈቀድለታል። ለራሱ ካላመለከተ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱን ሁኔታ እንዲያስረዳ አይገደድም፤ ገቢውን ግን ማሳወቅ አለበት።

በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የገቡትን በተመለከተ ሕጉ ተለውጧል። ጁላይ 4 ቀን 2025 የጸደቀው ሕግ ድጋፉን በዋነኛነት ለዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ስለወሰነው፣ ስደተኛ ወይም ጥገኛ ሆኖ ግሪን ካርድ ገና ያላገኘ ሰው ቀድሞ ይገባው የነበረውን አጥቷል። ግሪን ካርዱን ሲያገኝ ግን በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የገባ በመሆኑ አምስቱን ዓመት ሳይጠብቅ ሊያመለክት እንደሚችል የፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2025 አብራርቷል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የመጣችሁና ከዚህ በፊት የተቋረጠባችሁ፣ ግሪን ካርዱ በእጃችሁ ከገባ እንደገና ጠይቁ። በቤተሰብ ጥያቄ ለመጣ ሰው ደግሞ ያስመጣው ዘመድ የፈረመው የድጋፍ ቃል ስላለ የአስመጪው ገቢ ጭምር ሊቆጠርበት ይችላል።

«ይህን ድጋፍ መውሰድ በኋላ ወረቀታችንን አያበላሽብንም ወይ?» የሚለው ስጋትም አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜግነት ሲጠይቅ «በመንግሥት ላይ ሸክም ይሆናል ወይ?» የሚለው ምርመራ አይደረግበትም። ስደተኞችና ጥገኞችም ከዚህ ምርመራ ነፃ ናቸው። ምርመራው የሚመለከተው በዋነኛነት ግሪን ካርድ ገና የሚጠይቀውን ሌላ ሰው ነው። በ2022 የወጣው ደንብ የምግብ ድጋፍን ከዚህ ምርመራ ውጭ አድርጎት ነበር። በኖቬምበር 2025 ደግሞ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያንን ደንብ ለመሻር ሐሳብ አቅርቧል። ስለዚህ በቤታችሁ ግሪን ካርድ በመጠየቅ ላይ ያለ ሰው ካለ፣ ከማመልከታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወይም በነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ ድርጅት አማክሩ። የጎረቤት ምክር ለዚህ አይበቃም።

ሦስተኛ፦ ግብር ሳይቆረጥ የሚገባው ስንት ነው?

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ቢሮው በመጀመሪያ የሚያየው ባንካችሁ የገባውን አይደለም፤ ግብርና ኢንሹራንስ ሳይቆረጥ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ጠቅላላ ገቢ ነው። ብዙ ሰው እጁ የገባውን አስልቶ «ይገባኛል» ብሎ ሄዶ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ወር አራት ሳምንት ብቻ ስላልሆነ በየሳምንቱ የሚከፈል ሰው የሳምንቱን ጠቅላላ በ4.3 ያባዛ፤ በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈል በ2.15 ያባዛ። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ፣ ወይም በራሱ ሥራ የሚተዳደር ሰው ለሥራው ያወጣውን፣ ለምሳሌ የነዳጅና የመሳሰለውን ወጪ፣ ከተቀበለው ላይ መቀነስ ይፈቀድለታል። የአቀናነሱ ሁኔታ እንደየግዛቱ ስለሚለያይ ደረሰኞችን መያዝ ያስፈልጋል።

የማይቆጠር ገንዘብም አለ። ብድር ገቢ አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ ከግብር የሚመለስላችሁ ገንዘብም እንደ ገቢ አይቆጠርም። ለእኛ ቤተሰቦች ደግሞ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ለትርፍ ካልተቋቋመ የግል በጎ አድራጎት ተቋም በችግር ምክንያት የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ በሦስት ወር ውስጥ እስከ 300 ዶላር ድረስ ከገቢ አይቆጠርም። በእህል መልክ የሚሰጥ ነገርም ገቢ አይደለም። ስለዚህ በረመዳን ማብቂያ በምግብ የምትቀበሉት ዘካተል ፊጥር የምግብ ድጋፋችሁን አይቀንስም። በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ ዘካ ግን ከተጠቀሰው መጠን ካለፈ ሊቆጠር ስለሚችል ሳትደብቁ ማሳወቅ ይገባል።

በሌላ በኩል፣ አገር ቤት ላሉ እናትና አባት በየወሩ የምንልከው ገንዘብ ምንም ያህል ግዴታችን እንደሆነ ቢሰማንም ከገቢያችን ላይ አይቀነስልንም። በፍርድ ቤት የተወሰነ የልጅ ማሳደጊያ የሚከፍል ሰው ግን እሱ ይታሰብለታል።

ገቢው ከታወቀ ከሚከተለው ጣሪያ ጋር ይመዘናል። ይህ ጣሪያ የድህነት መለኪያ ከሚባለው 130 በመቶ ነው፦

ለ1 ሰው በወር 1,696 ዶላር
ለ2 ሰዎች 2,292 ዶላር
ለ3 ሰዎች 2,888 ዶላር
ለ4 ሰዎች 3,483 ዶላር
ለ5 ሰዎች 4,079 ዶላር
ለ6 ሰዎች 4,675 ዶላር
ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ሰው 596 ዶላር ይጨመራል።

ለምሳሌ በሰዓት 16 ዶላር እየተከፈለው በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ፣ ለብቻው የሚበላ ወጣት በሳምንት 640 ዶላር አለው። በ4.3 ሲባዛ 2,752 ዶላር ይሆናል። ለአንድ ሰው ከተቀመጠው 1,696 ዶላር በጣም ስለሚበልጥ ለእርሱ አይሆንም። ያው ደመወዝ ሚስትና ሁለት ልጆች ላሉት ሰው ግን ከጣሪያው በታች ነው። «እገሌ እንደኔ እየሠራ ያገኛል» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መልሱ ይህ ነው።

በተጨማሪም ብዙ ግዛቶች በተሰጣቸው አማራጭ ይህን ጣሪያ ከፍ አድርገውታል። በ2025 በነበረው አሠራር ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ እስከ 200 በመቶ ይቀበሉ ነበር። ስለዚህ ገቢያችሁ ከላይ ካለው ትንሽ ቢያልፍ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ፤ የግዛታችሁን ጣሪያ ጠይቁ። እንዲህ ያለ አማራጭ በማይሠራበት ቦታ በባንክ ያለ ገንዘብም ይታያል። ወሰኑ 3,000 ዶላር ሲሆን፣ ዕድሜው 60 ዓመት የሞላው ወይም አካል ጉዳተኛ ሰው ባለበት ቤት 4,500 ዶላር ነው። የምትኖሩበት ቤት ግን አይቆጠርም።

አራተኛ፦ የሚቀነሰው ምንድን ነው?

የመጀመሪያውን ጣሪያ ያለፈ ቤተሰብ ቀጥሎ የተጣራ ገቢው ይሰላል። የሚቀነሱት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ከደመወዝ ላይ 20 በመቶ ይቀነሳል። ይህ ለሚሠራ ሰው የተደረገ አስተያየት ነው። ቀጥሎ ለሁሉም የሚሰጥ መደበኛ ተቀናሽ አለ፤ እስከ 3 ሰው ላለው ቤት 209 ዶላር፣ ለ4 ሰው 223፣ ለ5 ሰው 261፣ ለ6ና ከዚያ በላይ 299 ዶላር ነው። ወላጅ ሥራ እንዲሠራ ወይም እንዲማር ተብሎ ለደይኬር ወይም ለልጅ ጠባቂ የሚከፈለው ደግሞ ይቀነሳል።

ትልቁ ተቀናሽ የቤት ወጪ ነው። ኪራዩና የመብራት፣ የጋዝና የውሃው ተደምሮ፣ እስካሁን ከተቀነሰ በኋላ ከቀረው ገቢ ግማሽ የሚበልጠው ክፍል ይቀነሳል፤ ሆኖም ከ744 ዶላር አያልፍም። ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ ራሱ የሚከፍል ቤተሰብ በግዛቱ የተወሰነ አንድ ወጥ የመገልገያ ሒሳብ ይያዝለታል። የኢንተርኔት ክፍያ ግን አይታሰብም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው የተጣራ ገቢ ለ4 ሰው ከ2,680 ዶላር፣ ለ5 ሰው ከ3,138 ዶላር ማለፍ የለበትም።

በመጨረሻም መንግሥት «ቤተሰቡ ከተጣራ ገቢው 30 በመቶውን ለምግብ ያውላል» ብሎ ይነሣል። ለቤተሰቡ ከተመደበው ከፍተኛ መጠን ላይ ይህን 30 በመቶ ቀንሶ ቀሪውን ይሰጣል። ከፍተኛው መጠን ለ1 ሰው 298፣ ለ2 ሰው 546፣ ለ3 ሰው 785፣ ለ4 ሰው 994፣ ለ5 ሰው 1,183፣ ለ6 ሰው 1,421 ዶላር ነው። ሙሉውን የሚያገኘው የተጣራ ገቢ የሌለው ቤተሰብ ብቻ ነው።

አሁን አብረን እናስላ

አባት፣ እናትና ሁለት ትናንሽ ልጆች ያሉበትን ቤት እንውሰድ። ለምሳሌ ያህል ያቀረብነው ነው። አራቱም ሊያገኙ የሚችሉ ናቸው። አባት በመኪና ማቆሚያ ይሠራል፤ በየሁለት ሳምንቱ ግብር ሳይቆረጥ 1,400 ዶላር ያገኛል። ኪራያቸው 1,600 ዶላር ነው። የመገልገያው ሒሳብ በግዛታቸው 400 ዶላር ተይዞላቸዋል እንበል።

1,400 በ2.15 ሲባዛ 3,010 ዶላር ይሆናል። ለ4 ሰው ከተቀመጠው 3,483 በታች ስለሆነ አልፈዋል። ከ3,010 ላይ 20 በመቶ፣ ማለትም 602 ሲቀነስ 2,408 ይቀራል። መደበኛው 223 ሲቀነስ 2,185 ይቀራል። የዚህ ግማሽ 1,092 ተኩል ነው። የቤት ወጪያቸው 2,000 ስለሆነ ከግማሹ በ907 ተኩል ይበልጣል፤ ነገር ግን ከ744 በላይ ስለማይፈቀድ 744 ይቀነሳል። የተጣራው 1,441 ዶላር ሆነ። የዚህ 30 በመቶ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 433 ነው። ከ994 ላይ 433 ሲቀነስ 561 ዶላር ይቀራል። አባት ሙሉ ጊዜ የሚሠራበት ይህ ቤት በወር 561 ዶላር ያህል ለምግብ ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። «ስለምንሠራ አይገባንም» የሚለው አባባል ስንቱን ቤት እንደጎዳ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይኸው ቤተሰብ በዲቪ የመጣ ቢሆንና ወላጆቹ አምስት ዓመት ባይሞላቸውስ? የሚያመለክቱት ለሁለቱ ልጆች ብቻ ይሆናል። ግዛቶች የወላጆችን ገቢ የሚቆጥሩበት መንገድ ይለያያል። በአንደኛው መንገድ ገቢው ለአራት ተከፍሎ የልጆቹ ድርሻ ብቻ ይያዛል፤ ይህም የ3,010 ግማሽ 1,505 ዶላር ነው። 20 በመቶው 301 ሲቀነስ 1,204፣ መደበኛው 209 ሲቀነስ 995 ይቀራል። የኪራዩ ድርሻ ገና ሳይቀነስ የዚህ 30 በመቶ 299 ነው። ለ2 ሰው ከተመደበው 546 ላይ ሲቀነስ 247 ዶላር ይሆናል፤ ኪራዩ ሲታሰብ ደግሞ ከዚህ ይጨምራል። ይህ የልጆቹ ድርሻ ነው። ማንም ካላመለከተላቸው ግን አይመጣም።

እናትና አባት ዕድሜያቸው ሲገፋ

ዕድሜያቸው 60 ዓመት የሞላ ወይም አካል ጉዳተኛ የሆኑ ሰዎች ባሉበት ቤት ስሌቱ ይላላል። ከላይ ያየነው የጠቅላላ ገቢ ጣሪያ አይጠየቅም፤ የተጣራው ብቻ ይመዘናል። የቤት ወጪ ተቀናሹም የ744 ገደብ የለበትም። ከኪሳቸው ለሕክምናና ለመድኃኒት የሚያወጡት በወር ከ35 ዶላር ሲበልጥ ትርፉ ይቀነስላቸዋል።

ለምሳሌ ለብቻቸው የሚኖሩ አንዲት እናት 1,009 ዶላር ጡረታ አላቸው እንበል። 209 ሲቀነስ 800 ይሆናል። ለመድኃኒት 85 ዶላር ስለሚያወጡ 50 ተቀንሶ 750 ይቀራል። የዚህ ግማሽ 375 ነው። የቤት ወጪያቸው 675 ዶላር ከሆነ 300 ይቀነስላቸዋል፤ የተጣራው 450 ሆነ። 30 በመቶው 135 ነው። ከ298 ላይ ሲቀነስ በወር 163 ዶላር ያገኛሉ። የመድኃኒት ደረሰኙን ባይይዙ ኖሮ ያነሰ ያገኙ ነበር። ስለዚህ የወላጆቻችሁን ደረሰኝ አትጣሉ። አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ያለበት ቤት ካለፈ ስሌቱ ዝቅተኛ ቢያመጣ እንኳ ቢያንስ 24 ዶላር ይሰጠዋል።

የሥራ ግዴታ

ገቢው ቢፈቅድም ለአንዳንድ አዋቂዎች ሌላ ቅድመ ሁኔታ አለ። በ2025ቱ ሕግ መሠረት ከ18 እስከ 64 ዓመት ያለ፣ መሥራት የሚችልና ከ14 ዓመት በታች ልጅ የማያሳድግ ሰው በወር 80 ሰዓት መሥራት፣ ወይም በሥልጠና ወይም በበጎ ፈቃድ ሥራ መሳተፍ አለበት። ይህን ካላሟላ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሦስት ወር በላይ አይሰጠውም። ነፍሰ ጡር እናት፣ በሕመም ምክንያት መሥራት የማይችል ሰውና ሌሎችም ነፃ የሚሆኑበት ሁኔታ አለ። ነፃ የሚያደርግ ምክንያት ካላችሁ በማመልከቻው ላይ በግልጽ ተናገሩ፤ የሐኪም ማስረጃም ያዙ።

ከስሌቱ በኋላ

የቤት ስሌት ግምት ነው፤ የሚወስነው ቢሮው ነው። ግምቱ «ሊገባን ይችላል» ካላችሁ ግን ማመልከቻውን አታዘግዩ። ድጋፉ የሚታሰበው ካመለከታችሁበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ሁሉም ወረቀት እስኪሟላ አትጠብቁ፤ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ያለበትን ማመልከቻ አስገብታችሁ ማስረጃውን ማስከተል ትችላላችሁ። ቢሮው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የወሩ ገቢው ከ150 ዶላር በታች ሆኖ በእጁና በባንክ ያለው ከ100 ዶላር ያልበለጠ ቤተሰብ፣ ወይም ኪራዩና መገልገያው ከገቢውና በእጁ ካለው በላይ የሆነበት ቤተሰብ በ7 ቀን ውስጥ ሊያገኝ ይገባል።

ቃለ መጠይቅ አለ፤ በስልክ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ትንንሽ ልጆቻችንን ለአስተርጓሚነት ይዘን ባንሄድ መልካም ነው፤ የቤት ገቢና የወላጅ ጭንቀት ለልጅ ትከሻ ይከብዳል።

ከተከለከላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ተቀበሉና ከራሳችሁ ስሌት ጋር አስተያዩት። የሰው ብዛት ተሳስቶ ይሆን? ኪራዩ ሳይያዝ ቀርቶ ይሆን? ስህተት ካገኛችሁ በ90 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ራሱን ችሎ ያሰላ ሰው የት ላይ እንደተሳሳቱ ጣቱን አስቀምጦ ማሳየት ይችላል። ያላሰላ ግን «ለምን ከለከላችሁኝ?» ከማለት አያልፍም።

የዚያኑ ያህል እኛም እውነቱን መናገር አለብን። ሁለተኛ ሥራን መደበቅ፣ አብሮ የሚኖርን ባል «የለም» ማለት፣ ወይም ካርዱን ለባለሱቅ ሰጥቶ በጥሬ ገንዘብ መለወጥ ወንጀል ነው። ሆን ብሎ ያጠፋ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ ለአንድ ዓመት ይታገዳል፤ የወሰደውንም ይመልሳል። ዱንያዊ ቅጣቱ ይህ ነው፤ የሰው ሐቅ መብላት በአኺራ የሚያስከትለውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ደመወዝ ሲጨምር ወይም አዲስ ሥራ ሲገኝ በወቅቱ ማሳወቅ ከዕዳ ያድናል።

ሌላም የሚከተል ጥቅም አለ። ስናፕ የሚያገኝ ቤት ልጆች በትምህርት ቤት ነፃ ምግብ ያገኛሉ። ስናፕ ባይፈቀድም ለነፍሰ ጡር እናቶች፣ ለሚያጠቡና ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሰጠው ዊክ የተባለው ድጋፍ የገቢ ጣሪያው ከዚህ ከፍ ያለ፣ 185 በመቶ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባልና ሚስት ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላችሁ አራቱን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ጠይቁ፦ ከአንድ ድስት የምንበላው ስንት ነን? ከመካከላችን ማን ሊያገኝ ይችላል? ግብር ሳይቆረጥ የሚገባን ስንት ነው? ኪራይና ሌላው ሲቀነስ የሚቀረንስ? መልሱ «አይገባንም» ከሆነ አልሐምዱሊላህ፣ ልባችሁ ያርፋል። «ሊገባን ይችላል» ከሆነ ደግሞ ነገ ጠዋት ወደ ቢሮው ደውሉ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለሚቸገሩ ጎረቤቶቻችሁና ለእናቶች አስረዷቸው።